አንድ ቃል የቀረው መምህር

ደገፉ ሶዶ ከተማ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ያስተማረ ሰው ነው። ስሙ የተጠራው ግን በአማርኛ አይደለም፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ማስተማር በያዘው ዕብራይስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ አዳራሽ፣ የዕብራይስጥ ፊደላት በሆዳቸው የያዙትን ምስጢር ያስተምር ነበር። ተማሪዎች ከአረካና ከቦዲቲ ይመጡ ነበር፤ መንገዱ ደህና ሲሆን ከቤሌ ድረስ በአውቶቡስ የሚመጡም አልጠፉም።

ሚስቱ ትዕዛዝም መምህርት ናት። የእሷ ሥራ አንደኛ ክፍል የገቡ ሕፃናትን በወላይትኛ ማንበብ ማስጀመር ነበር። ለእሷ ፊደል ድምፅ ነው። አንዱን ድምፅ ከጎኑ ካለው ጋር ታገናኘዋለህ፣ ቃል ይወጣል፣ ሕፃኑ ይስቃል፣ አለቀ። ባሏ እራት ላይ ስለ አንዲት ፊደል ቅርጽ እያወራ ጎደሬው ሲቀዘቅዝበት፣ "አሁን ብላ፤ ፊደሉ የትም አይሄድም" ትለዋለች። እሱም "ትዕዛዝ፣ ያንቺ ስም እኮ በዕብራይስጥ ሚጽቫ ነው፤ እንዴት እምቢ እላለሁ?" ብሎ ይበላል።

የፊደሉ ፍቅር የጀመረው በልጅነቱ፣ ኪንዶ ኮይሻ ገጠር ውስጥ ነው። አባቱ ማንበብ አይችሉም ነበርና ማታ ማታ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብላቸው እሱ ነበር። ከመዝሙራት ሁሉ ረጅሙ ላይ ሲደርስ በየስምንቱ ቁጥር ራስ ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ የሚሉ ቃላት አገኘ። የመንደራቸውን ወንጌላዊ ጠየቀ። ወንጌላዊው፣ "እሱ አይነበብም፤ እለፈው" አሉት። "እግዚአብሔር በመጽሐፉ ውስጥ እለፉት ብሎ የሚያስቀምጠው ነገር አለ እንዴ?" እያለ ደገፉ ይህን ነገር ሸምግሎም ያወራው ነበር።

ሌላም ነገር ነበረው፤ ይህን ግን ለትዕዛዝ ብቻ ነው የነገራት። አማርኛን የተማረው በፍርሃት ነው። ገና ከገጠር ወደ ከተማ ትምህርት ቤት እንደ ገባ አስተማሪዋን "አንተ" ብሎ ጠራት፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እሷም ሰሌዳው ሥር አቆመችው። ያን ሳቅ ለማጥፋት ሲል ነው እስኪያስተምረው ድረስ አማርኛን የተማረው። ጎልማሳ ሆኖ አዲስ አበባ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በክረምት እየተመላለሰ ዕብራይስጥ ሲጀምር ግን የሚስቅበት አልነበረም። "እዚያ ሁላችንም እንግዳ ነን" ይላት ነበር። "ግን ደግሞ እንግዳ አይደለንም። ቤት ባይት ነው፤ ነፍስ ኔፌሽ ነው፤ ሰላም ሻሎም ነው። የጠፋ ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።"

ትዕዛዝ ወደ አዳራሹ ብዙ አትሄድም ነበር። ከሄደችባቸው ቀናት አንዱን ግን አትረሳውም። ደገፉ ሰሌዳው ላይ ሦስት ፊደላት ጻፈ።

"ይህ ኤሜት ነው፤ እውነት ማለት ነው" አለ። "የመጀመሪያው ፊደል አሌፍ ከፊደላት ሁሉ ፊተኛው ነው፤ የመጨረሻው ታው ኋለኛው ነው፤ ሜም ከመካከል ነው። እውነት ከጫፍ እስከ ጫፍ ትይዛለች፤ የምትዘለው የለም። አሌፍ የእግዚአብሔር ነው፤ ብቻውን ድምፅ የለውም፣ ግን ሁሉም ከእሱ ይጀምራል። አሁን እዩ።" በእጅጌው አሌፍን ጠረገው። "ምን ቀረ? ሜት። ይህን እንኳ መተርጎም አያስፈልገኝም፤ ሞተ ማለት ነው። ከእውነት ላይ እግዚአብሔርን ካነሣችሁ የሚቀራችሁ ሬሳ ነው።"

ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ትዕዛዝንም ነገሩ ነካት። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን፣ "የሚርያም አባት፣ ይህ ሁሉ ፊደሉ ውስጥ አለ ወይስ አንተ ነህ የምትጨምረው?" አለችው። ልጃቸው ሚርያም ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች፤ ትዕዛዝ ባሏን በእሷ ስም ነው የምትጠራው።

ደገፉ አልተቆጣም። ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ "አላውቅም" አለ። "ግን ያለ ትርጉም የተሰጠን ነገር አለ ብዬ ማመን አልችልም።"

ነገሩ የደረሰበት በሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በነበረ ቅዳሜ ነው። ላሜድን እየጻፈ ነበር፤ ከፊደላት ሁሉ አንገቷን ከመስመሩ በላይ የምታወጣው እሷ ናት። መስመሩን ሽቅብ ሲስብ ክንዱ ወደቀ። ጠመኔውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል በቀኝ ጎኑ ተደፋ። ከተማሪዎቹ አንዱ አሮን፣ ባንክ የሚሠራ ጎልማሳ፣ ደግፎ ይዞት በባጃጅ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ወሰደው። ትዕዛዝ ስትደርስ ባሏ ዓይኑን ገልጦ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ወርዷል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አልጣደፋትም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና በግራ አንጎሉ በኩል የደም ሥር እንደ ተዘጋ ነገራት። "የተጎዳው ቋንቋ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ መናገሩንም፣ ማንበቡንም፣ መረዳቱንም ይነካል" አላት። "አንዳንዱ ሰው ይመለስለታል። ብዙ ተስፋ እንድሰጥሽ ግን አልፈልግም።"

ቤት ከገቡ በኋላ ደገፉ ለብዙ ጊዜ ድምፅ አላወጣም። አንድ ቀን ጠዋት ትዕዛዝ ፊቱን ስታጥበው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና "ሀታ" አለ። ሀታ በወላይትኛ ውሃ ነው። ትዕዛዝ አለቀሰች። ሮጣ በኩባያ ውሃ አመጣች። ፊቱን አዞረ። "ሀታ" አለ እንደገና፣ አሁን በቁጣ። ትኩስ አመጣች፤ ቀዝቃዛ አመጣች። በኋላ ነው የገባት፤ ያንለት የፈለገው ከመስኮት የገባው ፀሐይ ዓይኑን ስለወጋው መጋረጃው እንዲዘጋለት ነበር።

ያ ቃል ብቻ ነው የተረፈው። ሲርበው ሀታ፤ ሲበርደው ሀታ፤ ሚርያም ከሐዋሳ ስትደውል ሀታ። አማርኛው የለም፤ ዕብራይስጡ የለም፤ ወላይትኛውም ከዚያች አንዲት ቃል በስተቀር የለም። ትዕዛዝ ጡረታዋን አስቀድማ ጠየቀችና ቤት ዋለች። ምልክቶቹን ለመደች። በግራ እጁ ነጠላዋን ይዞ ሁለቴ ከጎተተ ሽንቱ መጥቷል። ጉሮሮውን ከነካ ርቦታል። ቃሉ ምንም አይነግራትም፤ እጁ ነው የሚናገረው።

የሕፃናቱን የሥዕል ካርዶችም ሞከረች። ዶሮ አሳየችው፤ በር አሳየችው። በትዕግሥት ያያታል፣ ሀታ ይላል፣ ከዚያ እንባው ይወርዳል። አንድ ቀን ደግሞ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። በግራ እጁ ገጹን እየዳበሰ ረጅም ሰዓት ተቀመጠ። እሷም ደስ አላት፤ ሳታስቸግረው ወደ ጓዳ ገባች። አሮን ሊጠይቅ ሲመጣ ከበሩ ላይ ቆሞ አየው። ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ ምንም ሳይል፣ መጽሐፉን ከጉልበቱ አንሥቶ አዙሮ መልሶ አስቀመጠለት። ተዘቅዝቆ ነበር። ትዕዛዝ ፊደሉን አታውቅም። ደገፉም አላወቀም።

አሮን ቅዳሜ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ወደ ቤት ያመጣቸው ጀመር። መጀመሪያ ለጸሎት ነበር። ሲጸልዩ ደገፉ "ሀታ" አለ፤ አሮንም ዓይኑን ገልጦ፣ "ሰማችሁ?" አለ። "ጋሼ ያስተማረንን አስታውሱ። ሜም ውሃ ናት። አንዷ ሜም የተከፈተች ናት፣ የቃል መጨረሻ ላይ ያለችው ግን የተዘጋች፤ የተገለጠና የተሰወረ ውሃ። ዳባር ቃል ነው፤ ሚድባር ምድረ በዳ ነው፤ በውስጣቸው ያሉት ፊደላት እነዚያው ናቸው። እግዚአብሔር መምህራችንን ወደ ምድረ በዳ አወጣው፤ በዚያም አንድ ቃል ብቻ ሰጠው። ውሃ።"

ሰዎቹ አለቀሱ። ትዕዛዝ መደገፊያ ትራሱን አስተካከለች። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። ባሏ የሚታዘንለት ሽባ ሳይሆን መምህር ሆኖ ነው የዋለው። ሰዎቹ ሲወጡ እጁን ስመው ነው የወጡት።

በማግስቱ ግን አጠገቡ ተቀመጠችና፣ "የሚርያም አባት" አለችው። "አሮን የሚለው ነገር እውነት ነው? ልትል የፈለግኸው እሱን ነው? ከሆነ እጄን ጨብጠኝ።"

ጨበጣት። በኃይል ነው የጨበጣት። ግን የዕድሜ ልክ አስተማሪ ናት፤ ልጅ ገብቶት ይሁን ሳይገባው መልስ እንደሚሰጥ ሳትፈትን አታልፍም።

"ዛሬ በረዶ ጥሏል?" አለችው።

ጨበጣት።

"እኔ እናትህ ነኝ?"

ጨበጣት፤ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ እንዳትሄድበት የፈራ ይመስል። ትዕዛዝ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችውም። እጇን ግን እስኪተኛ አላስለቀቀችም።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ቅዳሜ ሲመጣ ወንበር ደረደረች። የሚመጣው ሰው በዛ፤ ከትምህርቱ ያልነበሩ ሁሉ መምህሩ ትንቢት ይናገራል ተብሎ ተነግሯቸው መጡ። አንዱ ስለ ቤት ሥራ፣ አንዷ ስለ ጋብቻ ይጠይቃሉ። ደገፉ ሀታ ይላል፤ አሮን ይፈታል። ለአንዱ ጥምቀት ይሆናል፣ ለሌላው የጥፋት ውሃ፣ ለሌላው ከዓለት የፈለቀ ምንጭ። ያጭበረብራል ማለት አይቻልም፤ የሚናገረውን ከሁሉ በፊት ራሱ ነበር የሚያምነው።

በታኅሣሥ ቦሼ የምትባል ሴት ከቦዲቲ መጣች። ገበያ ላይ ዳጣና ቅቤ የምትሸጥ፣ ፊቷ በፀሐይ የጠቆረ ሴት ናት። ልጇ በድሉ በኬንያ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ከወጣ ቆይቷል፤ ከማላዊ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አብረውት የነበሩት ልጆች አንዳቸውም አልደወሉም። ቦሼ ደገፉ እግር ሥር ተቀመጠችና ወለሉን እያየች፣ "ጋሼ፣ ልጄ አለ ወይስ የለም? ሌላ አልጠይቅም" አለች።

ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። በዚያ መካከል ደገፉ የትዕዛዝን ነጠላ ሁለቴ ጎተተ።

ትዕዛዝ ልትነሣ ሞከረች። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በሩ ጋ ድረስ ሰው ተንበርክኳል። የፊተኛውን ሰው ትከሻ ነካች፤ መንፈስ የነካት መሰለውና ድምፁን ጨመረ። ደገፉ እንደገና ጎተታት። ፊቱ ቀላ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው፤ "ሀታ፣ ሀታ፣ ሀታ" አለ፣ ከዚያም ማልቀስ ጀመረ።

"ልጁ አለ!" አሉ ከኋላ የነበሩት።

አሮን ተነሣ። "እናታችን፣ ስሚ" አለ፤ እሱም እያለቀሰ ነው። "ደጋግሞ ነው የተናገረልሽ። ልጅሽ ውሃ ተሻግሯል። ባሕሩ ተከፍሎ አልፏል። በሕይወት አለ።"

ቦሼ ግንባሯን መሬት አስነካች። ስትነሣ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ነበር። ትዕዛዝ ጋቢውን ከትከሻው አውርዳ ጭኑ ላይ ጣለችው፤ ከወንበሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ማንም እንዳያይ። ማንም አላየም።

ሰው ሲወጣ አጠበችው፣ ልብሱን ቀየረችው። ስታጥበው ሊያያት አልፈለገም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ይህ ነው ያስወሰናት። ለጎረቤቷ ልጅ ለደቂቃ ጠብቂልኝ ብላ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ አስፋልቱ ወረደች። ቦሼ የቦዲቲ መኪና እየጠበቀች ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሙዝ ገዝታ እየበላች ነበር።

"እትዬ፣ ነይ ብዪ" አለቻት ቦሼ፣ እየሳቀች። "ምግብ እንዲህ ከጣመኝ ስንት ጊዜዬ!"

ትዕዛዝ አጠገቧ ተቀመጠች። ሙዙን ተቀበለች፤ አልበላችውም።

"ቦሼ፣ እህቴ፣ ይቅር በዪኝ" አለች በወላይትኛ። "ባለቤቴ ስለ ልጅሽ ምንም አላለም። ሌላ ቃል የለውም። ለሁሉ ነገር ሀታ ነው የሚለው። ያኔ ሽንቱ መጥቶበት ነበር። ላስነሣው አልቻልኩም።"

ቦሼ የሚያልፉትን ባጃጆች አየች። የራሷን ሙዝ በልጣጩ መልሳ ሸፈነችው፤ የሚሸጥ ዕቃ የምትጠቀልል ይመስል በጥንቃቄ።

"እንዲህ ያለ ነገር ጠርጥሬ ነበር" አለች በመጨረሻ። "እኔም እናቴን እንደዚህ አስታምሜያለሁ። ሽታውን አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ..."

"ታዲያ ለምን ተከትለሽኝ መጣሽ?" ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ማን ጠየቀሽ? እስከ ቦዲቲ እንኳ በደስታ ብሄድ ምን ይጎልብሽ ነበር? ሲመሽ ለብቻዬ እደርስበት ነበር እኮ።"

ትዕዛዝ የተሰጣትን ሙዝ ጉልበቷ ላይ አኖረች። እውነት ሰውን ያሳርፋል ብላ ነበር የሮጠችው። መኪናው መጣ፤ ረዳቱ "ቦዲቲ፣ ቦዲቲ" እያለ ተጣራ። ቦሼ ወጥታ ከመስኮት ተቀመጠች፤ ዞራም አላየችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትዕዛዝ በሩን አልከፈተችም። አሮን ብቻውን ወደ ጓሮ ዞሮ እንሰቱ ሥር አገኛት። ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ነጠላው፣ ስለ ጋቢው፣ እጅ አስጨብጣ ስለ ጠየቀችውም ሳታስቀር።

አሮን ከእንሰቱ ደረቅ ቅጠል ቀነጠሰ። "መጽሐፉን ገልብጦ እንደ ያዘው እኔም አይቻለሁ" አለ። "ግን እትዬ ትዕዛዝ፣ ሕይወቴን እንዳለ ያቆምኩት እሱ ባስተማረኝ ላይ ነው። አንዲት ፊደል እንኳ ያለ ምክንያት አልተጻፈችም ያለኝ እሱ ነው። የእሱ ቃል ባዶ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለውስ ባዶ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?"

"አላውቅም፣ አሮን" አለችው። "እሱ ነበር የሚያውቀው። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም።"

አሮን ሊቆጣ የፈለገ መስሏት ነበር። እሱ ግን እንሰቱን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ልታባብለው እጇን ዘረጋች፤ ከውስጥ የደገፉ ድምፅ ተሰማና ትታው ገባች።

ቅዳሜ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ አሮን ትምህርቱን ሊቀጥል ሞከረ፤ ጥቂት ሰዎች ጥቂት ጊዜ መጡና ቀሩ። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ቦታውን ለመዘምራን ልምምድ ሰጡት። ትንቢት ፍለጋ ይመጡ የነበሩትም ሌላ ቦታ አገኙ። ትዕዛዝ ሰው እንዳይመጣባት ፈልጋ ነበር፤ ሰው ሲቀር ግን ቤቱ ያለ ልክ ሰፋባት። ባሏ ፊት ተቀምጣ የማያውቀውን ወሬ ታወራለታለች፤ ሚርያም ምን እንዳለች፣ ዝናቡ እንደ ዘገየ፣ ዳሞት ተራራ ላይ ደመና እንደ ተኛ። እሱም ይጨብጣታል።

በየካቲት እንደገና ታመመ። ከዚያ በኋላ ሀታም ቀረች። ትዕዛዝ በየጠዋቱ ፊቱን ስታጥብ ትጠብቃለች፤ ያን ያህል የጠላቻትን ቃል። ራሷ ትላለች አንዳንዴ፣ "ሀታ፣ የሚርያም አባት፣ ሀታ በለኝ።" ከንፈሩ አይነቃነቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አሮንን አስጠራችና መጻሕፍቱን ውሰድ አለችው። እሷ አታነባቸውም፤ ብል እየበላቸው ነው። አሮን በካርቶን ከትቶ ባጃጅ ላይ ጫናቸው። ደገፉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ካርቶኖቹ በፊቱ ሲያልፉ አያቸው። አሮን የመጨረሻውን ይዞ ቆመ፤ የሆነ ነገር ጠበቀ። ትዕዛዝም ጠበቀች። ደገፉ ወደ ካርቶኑ አየ፣ ወደ አሮን አየ፣ ከዚያም አጥሩ ላይ ወዳረፈች ወፍ ዓይኑን መለሰ።

"ደህና ሁን፣ ጋሼ" አለ አሮን።

ባጃጁ ወጣ። ትዕዛዝ በሩን ዘግታ ገባች፤ ጎደሬውን ደቁሳ በወተት አላልታ አመጣችለት። ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋች፤ አልከፈተም። አፉን እንዲከፍት እንዴት እንደምትነግረው አሰበች፤ የምትነግርበት ምንም አልነበራት። ማንኪያውን ከከንፈሩ ሳታርቅ፣ ክንዷ እስኪዝል ድረስ እንደዚያው ተቀመጠች።